ማዳበሪያ እየተሰጠው የሚራብ ጎመን ምክንያቱ ምንድር ነው?



በዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ ብዙዎች ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ሩቅ አገሮች ይጽፋሉ። እኔ ግን ዘንድሮ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ አንድ መደብ ጎመን ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም ቅሉ፣ በወላይታ ጎመን የማይበላበት ቤት ስለሌለ አንባቢዎቼ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትከታተሉኝ እለምናችኋለሁ።

አክስቴ በሶዶ ከተማ ዳር፣ ከመኪና መንገድ አጠገብ አንዲት ቁራሽ መሬት አለቻት። በዚያች መሬት ላይ ጎመንና ቆስጣ እየተከለች በገበያ ቀን ትሸጣለች። እኔም የማድገው በእርሷ ቤት ስለሆነ ደብተሬና የደንብ ልብሴ የሚገዛው ከዚሁ ከጎመኑ ገንዘብ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ጎመኑ መልኩን ለወጠ። የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቶ በጅማቶቹ መካከል ያለው ክፍል ቢጫ ሆነ፤ የታችኞቹም ቅጠሎች ወደ ወይን ጠጅ ቀለም አዘነበሉ። አክስቴ «ርቦት ነው» ብላ ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ጨመረችለት፤ አልተሻለውም። ዩሪያ ደገመችለት፤ ይባሱኑ ጫጨ። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ አንተ ሳይንስ ትማራለህ። ምግብ እየቀረበለት የሚራብ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ መልቲፕሊኬሽን ሲጠይቁኝ ያፈርሁትን ያህል አፈርሁ። ነገር ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ስለነሣኝ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚያስተምሩንን መምህራን ጠየቅሁ፤ በቤተ መጻሕፍታችን ያሉትንም መጻሕፍት አገላበጥሁ። ከጎረቤት ሽማግሌዎችም አንድ ነገር ሰማሁ። ይኸውም፣ መሬቱ የአክስቴ ከመሆኑ በፊት አንድ ባትሪ ጠጋኝ ለብዙ ጊዜ ይሠራበት ነበር፤ ያረጀውን የመኪና ባትሪ እየከፈተ አሲዱንና ዝቃጩን እዚያው መሬት ላይ ይደፋው ነበር። ሰውዬው ክፉ አስቦ ሳይሆን ባለማወቅ ያደረገው ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች የማቀርበው፣ እንዲህ ያለው ነገር አትክልትን እንዴት አድርጎ ከምግቡ እንደሚለየው የተረዳሁትን ያህል ነው።

1ኛ/ አትክልት እንዴት ይመገባል?

አትክልት እንደ እንስሳ አፍ ባይኖረውም ይመገባል። ለሕይወቱ የግድ የሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች 17 ናቸው ተብሎ ይቈጠራል። ከእነዚህ ውስጥ ካርቦንን፣ ሃይድሮጂንንና ኦክሲጂንን ከአየርና ከውኃ ያገኛል። የቀሩትን 14ቱን በሥሩ አማካይነት ከአፈር ይስባል። ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሰልፈር በብዛት ይፈለጋሉ። አይረን፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ቦሮን፣ ሞሊብዲነም፣ ክሎሪንና ኒኬል ደግሞ በጥቂቱ ይበቃሉ።

ስለነዚህ ንጥረ ነገሮች ጀርመናዊው ካርል ሽፕሬንገል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1828 ዓ.ም. የጻፈውንና ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ከ1840 ዓ.ም. ወዲህ ያስፋፋውን አንድ ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። ሕጉ የአትክልት እድገት የሚወሰነው እጅግ ባነሰው ንጥረ ነገር ልክ ነው ይላል። ከጣውላ የተሠራ በርሜል አንዱ ጣውላ አጭር ከሆነ ሌሎቹ የቱንም ያህል ቢረዝሙ ውኃው የሚይዘው እስከ አጭሩ ጣውላ ድረስ ብቻ ነው። እንደዚሁም አይረን ወይም ካልሲየም የጎደለው ጎመን በዩሪያ ላይ ዩሪያ ቢጨመርለት አይጠግብም።

ንጥረ ነገሩ ወደ ሥር የሚገባው በውኃ ሟሙቶ፣ አዮን በሚባል መልክ ነው። ሥሩም በቆዳው ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን በሮች አሉት። አንዱ በር ለናይትሬት፣ ሌላው ለፎስፌት፣ ሌላው ለአይረንና ለዚንክ፣ ሌላው ለካልሲየም የሚስማማ ነው። እነዚህ በሮች ከሚሰጡት አገልግሎት አብዛኛው ያለ ጕልበት አይሆንም። ሥሩ ሃይድሮጂን አዮንን ወደ ውጭ እየገፋ፣ በዚያ ግፊት ኀይል ምግቡን ወደ ውስጥ ይስባል። ለዚህ የሚሆነው ጕልበት የሚገኘው ከስኳር ሲሆን፣ ስኳሩ ደግሞ በቅጠል ላይ በፀሐይ ብርሃን ተሠርቶ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ስለዚህ ሥር ለቅጠል ውኃ ቀጂ ነው፤ ቅጠልም ለሥር ወጥ ቤት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲታመም ሁለቱም ጾማቸውን ያድራሉ።

2ኛ/ ከባድ ብረታ ብረት ማለት ምን ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ብረታ ብረት የሚባሉት፣ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚያህለው ቁራጫቸው ከ5 ግራም በላይ የሚመዝን ማዕድናት ናቸው። እርሳስ 11.3 ግራም፣ ካድሚየም 8.6 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ከእነዚህም መካከል ዚንክ፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝና ኒኬል ከላይ እንደተባለው በጥቂቱ ለአትክልት አስፈላጊ ናቸው፤ ሲበዙ ግን እንደ መድኃኒት ሁሉ መርዝ ይሆናሉ። እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ደግሞ ለአትክልት በማናቸውም መጠን የማያስፈልጉ ናቸው።

የእነዚህ ብረቶች ትልቁ ክፋት የማይበሰብሱ መሆናቸው ነው። የጎመን ቅጠል ቢጣል በጥቂት ወር ውስጥ ተመልሶ አፈር ይሆናል። እርሳስ ግን ዛሬ ቢደፋ የልጅ ልጆቻችንም እዚያው ያገኙታል። ባትሪ ጠጋኙ ከሄደ በኋላ ሥራው አብሮት ያልሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

3ኛ/ በየትኛው በር ይገባሉ?

የሚገቡባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ሥርና ቅጠል ናቸው። ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሥር ብቻ ቢሆንም ቅጠልም ይመገባል። ገበሬ የዚንክ ወይም የዩሪያ ውሑድ በቅጠል ላይ ሲረጭ አትክልቱ የሚጠቀመው ከዚህ የተነሣ ነው። ቅጠል በላዩ ሰም መሰል ስስ ሽፋን አለው፤ በሽፋኑም ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይገኛሉ። ከዚህም ሌላ አየር የሚያስገባባቸው ስቶማታ የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉት። ምግብ የሚገባበት መንገድ ለመርዝም ክፍት ነው።

በመንገድ ዳር የሚነሣ አቧራ ከመኪና ጎማ የተፈጨ ዚንክ፣ ከፍሬን የተፋቀ መዳብ ይይዛል። ድሮ ደግሞ ቤንዚን ራሱ እርሳስ ይጨመርበት ነበር። አገራችን ኢትዮጵያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን የተወችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለመኪና መሸጡ በዓለም ላይ ፈጽሞ የቀረው በ2021 ዓ.ም. ነው። ሆኖም እርሳስ እንደማይበሰብስ ስለተናገርን፣ በቀድሞ መንገዶች ዳር ያለው አፈር የዚያን ዘመን ትዝታ እስከ ዛሬ ይዞ ይኖራል።

አቧራው እንደ ቆስጣ፣ እንደ ሰላጣና እንደ አበሻ ጎመን ባሉ ሰፋፊ ቅጠሎች ላይ ሲያርፍ ከፊሉ በዝናብ ይታጠባል፤ ከፊሉ ከሰሙ ጋር ይጣበቃል፤ ጤዛ ሲያሟሟው ደግሞ ጥቂቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ ካረፈበት ቅጠል ርቆ አይሄድም። ካድሚየም ግን ከአትክልቱ ፈሳሽ ጋር ወደ ሌላው ክፍል መጓዝ ይችላል።

4ኛ/ ከገቡ በኋላ የሚያደርጉት ጥፋት

እነሆ፣ የአክስቴ ጥያቄ መልስ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱን በአምስት ከፍዬ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ በር ላይ ይሻማሉ። የካድሚየም አዮን ግማሽ ስፋቱ 0.095 ናኖ ሜትር ነው፤ የካልሲየም 0.100 ናኖ ሜትር ነው። ሁለቱም የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን አንድ ነው። ስለዚህ የሥሩ በር ይሳሳታል። በሠርግ ቤት ደጅ የቆመ አስተናጋጅ ያልተጠራውን ሰው ነጠላው ስለሚመሳሰል ብቻ እንደሚያስገባው ያለ ነው። ያልተጠራው በገባ ቍጥር የተጠራው ውጭ ይቀራል። ካድሚየም በካልሲየም፣ በአይረንና በዚንክ በር፣ ክሮሜት የሚባለው የክሮሚየም ዓይነት በሰልፌት በር፣ አርሴኔትም በፎስፌት በር ይገባሉ።

ሁለተኛ፣ ምግቡን አስቀድመው ያስሩታል። እርሳስ ፎስፌትን ሲያገኝ በውኃ የማይሟሟ ድፍን ነገር ይሠራል። ማዳበሪያው በአፈር ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በሰንሰለት እንደ ታሰረ ስለሆነ ሥሩ ሊስበው አይችልም። የአክስቴ ጎመን ቅጠል ወይን ጠጅ መሆኑ የፎስፈረስ ረኀብ ምልክት መሆኑን መምህራችን ነገሩኝ።

ሦስተኛ፣ ሥሩን ያሰናክሉታል። የሥሩ ጫፍ ማደጉን ያቆማል፤ ይወፍራል፤ ይጠቁራል። ፀጉር የሚያህሉት ጥቃቅን ሥሮችም ይቀንሳሉ። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ከቦታው ብዙ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ሥሩ ራሱ ሄዶ ካልፈለገው አይገኝም፤ እግር የሌለው ገበያ ወጥቶ መሸመት አይችልም።

አራተኛ፣ ጕልበቱን ይቀንሳሉ። ካድሚየም ሃይድሮጂን አዮንን የሚገፋውን ፓምፕ ያዳክማል። እንደዚሁም ናይትሬትን ወደ ፕሮቲን መሥሪያነት ለመለወጥ የመጀመሪያውን ሥራ የሚሠራውን ኤንዛይም ያውካል። ስለሆነም ዩሪያ ተጨምሮ፣ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ተለውጦና ወደ ውስጥም ገብቶ እንኳ ያለ ጥቅም ይቀመጣል።

አምስተኛ፣ በቅጠል ላይ ወጥ ቤቱን ይዘጉታል። ሐመልሚል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም በመካከሉ አንድ የማግኒዚየም አቶም አለው፤ መዳብና ካድሚየምን የመሳሰሉት ይህን አቶም አስወጥተው በቦታው ሊቀመጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ቀለሙ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ መለወጥ ይሳነዋል። አቧራውም ስቶማታን ስለሚደፍን ቅጠሉ ውኃ ማትነኑን ይቀንሳል። ውኃ ከቅጠል ካልተነነ ደግሞ ከሥር ወደ ላይ የሚስበው ነገር ስለሚደክም ከውኃው ጋር የሚመጣው ናይትሬትና ካልሲየም ይቀንሳል። በቅጠል ላይ ያረፈ ብረት ወደ ሥር ሳይወርድ የሥሩን ሥራ የሚያበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ወጥ ቤቱ ሲዘጋ ስኳር አይወርድም፤ ስኳር ካልወረደ ሥሩ በሩን የሚከፍትበት ጕልበት አይኖረውም።

5ኛ/ ስለ ወላይታ ቀይ አፈር

የባትሪው ነገር የአክስቴ ብቻ ጣጣ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ቦሎሶና እስከ አረካ ድረስ ባለው ቀይ አፈራችን ላይ ከዚህ ጋር ዝምድና ያለው ችግር አለ፤ እርሱም የአፈር ኮምጣጣነት ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ አርባ ያህሉ በአሲዳማነት የተነካ መሆኑ ይነገራል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከዘመን ብዛት ታጥበው ስለሚሄዱ በቦታቸው ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይቀራሉ።

አሉሚኒየም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ከባድ ብረት አይባልም፤ ጠባዩ ግን ከላይ የቈጠርናቸውን ይመስላል። የአፈሩ ፒ ኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ከአፈሩ ይሟሟና በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሥርን ጫፍ እድገት ያቆማል፤ ፎስፌትንም ያስራል። ማንጋኒዝም በዚሁ ጊዜ ከመጠን በላይ ይለቀቃል። እርሳስና ካድሚየም ካሉበትም አሲዱ የበለጠ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋቸዋል። የባትሪው አሲድ ሁለት በደል ሠራ የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብረቱን አመጣ፤ በሩንም ከፈተለት።

የአገራችን አባቶችና እናቶች ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ ሳይማሩ አንድ ትልቅ ነገር ያውቁ ነበር። ወላይታ መሬቱን በሁለት ይከፍላል። በቤቱ ዙሪያ ያለው እንሰት፣ ጎመንና ቡና የሚበቅልበት ዳርኩዋ ይባላል፤ ራቅ ብሎ በቆሎና ስኳር ድንች የሚዘራበት ሾቃ ይባላል። ዳርኩዋ ፍግና የምድጃ አመድ ዘወትር ስለሚያገኝ ጥቁርና ለም ነው። ሾቃ ቀይና ደካማ ነው። የእንጨት አመድ እንደ ኖራ ሁሉ ኮምጣጣነትን የሚያበርድ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት፤ ፖታሲየምም ይጨምራል። ፍጉም በበኩሉ እርሳስንና መዳብን አጥብቆ ይይዛል። አያቴ በየማለዳው አመዱን ጠርጋ ከእንሰቱ ሥር ስትደፋ ለንጽሕና ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ አፈር ታክም ኖሯል።

ሆኖም ዛሬ ከቤት የሚጠረገው ነገር የድሮው አይደለም። በጥራጊው ውስጥ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ የፀሐይ መብራት፣ የስልክ ባትሪና የቀለም ቆርቆሮ ይገኝበታል። የባትሪ ድንጋይ ዚንክና ማንጋኒዝ አለበት፤ ከሚሞሉት ባትሪዎች መካከል አንዳንዱ ኒኬልና ካድሚየም ይይዛል። ያ ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ዳርኩዋ ሲደፋ፣ መሬታችንን ያለማልን ደግ ልማድ ሳናውቀው መርዝ የሚያመላልስ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ከባትሪ ጠጋኙ ይልቅ ሊያስፈራን የሚገባው ይህ ነው፤ ባትሪ ጠጋኝ የነበረው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ጥራጊ ግን በየቤቱ አለ።

6ኛ/ ከአቃቂና ከጂንዙ ወንዝ የምንማረው

በአገራችን ይህ ነገር በሰፊው የተጠናው በአዲስ አበባ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦ በኩል ወርደው ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም ውኃው ወደ አዋሽ ይገባል። በመንገዳቸው የቆዳ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የጋራዥና የየቤቱን ፍሳሽ ይቀበላሉ፤ ቆዳ ሲለፋ የሚውለው ክሮሚየም ከዚሁ ጋር ይመጣል። በወንዞቹ ዳር ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ውኃ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ድንች እያጠጡ ለከተማው ሲያቀርቡ ቆይተዋል። በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ምርመራዎች ከዚያ በመጡ አንዳንድ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ ከሚፈቀደው ልክ በላይ አግኝተዋል። እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉት ክፍት ቅጠሎች ከጥቅል ጎመን ይበልጥ እንደሚሰበስቡም ታይቷል።

የሚፈቀደው ልክ ስንት ነው የሚል ጠያቂ ቢኖር፣ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና በዓለም የጤና ድርጅት የተቋቋመው የምግብ ሕግ ጉባኤ በአንድ ኪሎ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ እርሳስ ከ0.3 ሚሊ ግራም፣ ካድሚየም ከ0.2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህን የሚያህል ጥቂት ነገር በዓይን ወይም በምላስ አይታወቅም። በላቦራቶሪ ቅጠሉ ደርቆና ተቃጥሎ አመዱ በአሲድ ይሟሟል፤ ከዚያም በእሳት ነበልባል ውስጥ ተረጭቶ ምን ያህል ብርሃን እንደ ዋጠ በመሣሪያ ይለካል።

በጃፓን አገር በቶያማ አውራጃ፣ ጂንዙ በሚባለው ወንዝ ዳር የነበሩ ሰዎች ከማዕድን ማውጫ የመጣ ካድሚየም ባለበት ውኃ ሩዛቸውን ያጠጡ ነበር። ሩዙን ለብዙ ዓመታት ከበሉ በኋላ ኩላሊታቸው ታመመ፤ ዐጥንታቸውም ካልሲየሙንና ፎስፈረሱን እያጣ ይሰበር ጀመር። በሽታውንም ከሥቃዩ ብዛት የተነሣ «ኢታይ ኢታይ» አሉት፤ ትርጉሙ «አመመኝ አመመኝ» ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን በ1968 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አስታወቀ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ልብ በሉ! ካድሚየም የጎመንን ካልሲየም እንደሚሻማ ሁሉ የሰውንም ካልሲየም ይነካል። እርሳስም በልጆች አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አለ ብሎ አያምንም።

7ኛ/ በጀሪካን የሠራነው ሙከራ

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ከሳይንስ ክበብ ጓደኞቼ ጋር ሆነን በዓይናችን ለማየት ወሰንን። ሦስት ጀሪካን ከወገባቸው ቈርጠን ሥራቸውን በሳንሁ። በመጀመሪያው የሾቃ ቀይ አፈር ብቻ፣ በሁለተኛው ያንኑ አፈር ከእንጨት አመድ ጋር፣ በሦስተኛው ከአክስቴ መደብ የተወሰደ አፈር ከኤን ፒ ኤስ ጋር አደረግን። በእያንዳንዱም አምስት አምስት የቦሎቄ ፍሬ ዘራን። የሦስተኛውን አፈር በውኃ በጥብጠን ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ብንነክርበት ወዲያው ቀላ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነቅለን ሥሮቹን በዝግታ አጠብናቸው። የቀይ አፈሩ ሥር አጭርና ወፍራም ነበር። አመድ የተጨመረበት ረዝሞ፣ እንደ ጥጥ ክር ብዙ ቀጫጭን ሥር አውጥቶ ነበር። ማዳበሪያ የተሰጠው ሦስተኛው ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ የሥሩ ጫፎች ጠቁረው ሞተዋል። አክስቴን ጠርተን ሦስቱን ጎን ለጎን አሳየናት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተችና፣ «እኔ ራት አቀርብለታለሁ፤ እርሱ እጅ የለውም» አለች። ከመጽሐፍ ካነበብሁት ሁሉ ይበልጥ ነገሩን የገለጸችው እርሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

ሊትመሱ አሲድ መኖሩን እንጂ እርሳስ መኖሩን አይናገርም። ከባትሪ የወጣ አሲድ ግን ብቻውን እንደማይደፋ ግልጽ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ጎመኑ መሆኑ ቀርቶ ስለ ገዢዎቹ ሆነ። አክስቴ ያን ቀን ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ፣ «የጎረቤት ልጆች የሚበሉት ከእኔ ነው» አለችኝ። በማግሥቱ መደቡን ነቀለችው፤ የነቀለችውንም ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። ያን ክረምት የሚሸጥ ነገር ስላልነበረን በቤታችን ችግር ሆኖ ነበር፤ እኔም አሮጌውን ደብተር ከኋላው ገልብጬ ጻፍሁበት። አሁን በመደቡ ላይ ግራቪሊያ ተተክሎበታል። ጎመኗም ከቤቱ ጓሮ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ አመድና ፍግ በጠገበው አፈር ላይ በቅሏል።

8ኛ/ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ጽሑፌን ከመጨረሴ በፊት ለሁላችንም የሚጠቅሙትን ምክሮች ባጭሩ እዘረዝራለሁ።

ጎመን ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት አንዱን ነቅሎ ሥሩን መመልከት ይገባል። ሥሩ አጭርና የጠቆረ ከሆነ ችግሩ የምግብ ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የግብርና ባለሙያን አማክሮ አፈሩን ማስመርመር ገንዘብን ከብክነት ያድናል።

ለኮምጣጣ አፈር ኖራ፣ የእንጨት አመድና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት መድኃኒት ነው። ነገር ግን ፕላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ ወይም ባትሪ የተቃጠለበት አመድ ወደ ማሳ መግባት የለበትም። ባትሪ የተደፋበት ቦታ ደግሞ ኖራ ቢጨመርበትም እርሳሱ እዚያው ስለሚኖር፣ ከሚበላ ነገር ይልቅ ዛፍ ቢተከልበት ይሻላል።

በመኪና መንገድ ዳር ቅጠላ ቅጠል አለመትከል፣ ግድ ከሆነም በመካከሉ ቁጥቋጦ አጥር ማብቀል አቧራውን ያስቀራል። የተገዛ ጎመንና ቆስጣ በብዙ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ የውጪዎቹንም ቅጠሎች ማስወገድ በላዩ ያረፈውን አቧራ ይቀንሳል፤ ወደ ውስጥ የሰረገውን ግን ውኃ አያወጣውም።

በመጨረሻም፣ ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ ጠዋት የቤታችሁን ጥራጊ ወደ ዳርኩዋ ከመድፋታችሁ በፊት የባትሪ ድንጋዩን ለይታችሁ አውጡ። ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። መምህራኖቻችንም ያለቁት ባትሪዎች የሚጠራቀሙበት አንድ ሳጥን በትምህርት ቤታችን እንዲኖር ቢፈቅዱልን፣ የሳይንስ ክበባችን ሳጥኑን ለመጠበቅ ዝግጁ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ አስታውቃለሁ።

አክስቴ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ጎመኑ የተራበው ምግብ አጥቶ ሳይሆን መመገቢያውን አጥቶ ነው። መሬት የሰጠናትን አትረሳም፤ መልካሙንም ክፉውንም መልሳ በገበታችን ላይ ታቀርብልናለች። ስለዚህ ምን እንደምንሰጣት አስቀድመን እናስብ።